ፎቁ ሞልቷል

ልብስ ሰፊውን ብትጠይቁት፣ በእነዚያ ሁለት ወራት ከራሱ በላይ ያለው ክፍል በየማለዳው በሰው ይጨናነቅ ነበር። «ሲያንስ ሲያንስ አሥራ አምስት ሰው» ይላል፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ እንደያዘ። «እግራቸውን እሰማ የለም እንዴ! እዚህ ጥግ ዱብ፣ እዚያ ጥግ ዱብ። አሠልጣኙም አንዱን ሲያርም፣ አንዷን ሲያሞግስ። ከጣሪያው በሚረግፈው አቧራ ስንት ነጭ ጨርቅ ተበላሸብኝ!» ሰውየው ለመዋሸት ምክንያት የለውም። ሠላሳ ዓመት በሜትር ሲለካ የኖረ ስለሆነም ግምቱ እምብዛም አይስትም።

አሠልጣኙን ብትጠይቁት ደግሞ፣ በእነዚያው ሁለት ወራት የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ከመጣው ሠራተኛ በቀር ደረጃውን የወጣ ሰው አልነበረም። ማስረጃም አለው። ከበሩ ጎን በገመድ በተንጠለጠለው መዝገብ ላይ ቀኑ ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ስምንት መስመር አለ። ስምንቱም ባዶ ነው።

ሁለቱም አልዋሹም።

አሠልጣኙን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ድገም» በሚል ቅጽል ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሠራበት ትልቅ ጂም ውስጥ ሰው ቁጢጥ ብሎ ሲነሳ ወገቡን ካጎበጠ፣ ወይም ክብደት ሲያነሳ ትንፋሹን ካፈነ አይቆጣም ነበር። አጠገቡ ሄዶ አንዴ ያሳየውና «ድገም» ይለዋል። መጀመሪያ ደንበኞቹ በቀልድ ጠሩት፣ ከዚያ የሥራ ባልደረቦቹ፣ በመጨረሻ የጂሙ ባለቤት ጭምር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምትጠራው ታላቅ እህቱ ብቻ ቀረች፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው።

ከትልቁ ጂም የወጣው ተጣልቶ አልነበረም። አንድ ጠዋት አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲያሠራ፣ ከኋላ ረድፍ የነበረች ሴት ጉልበቷ ወለም አላት። እሷም ሰው እንዳትረብሽ ብላ ጥርሷን ነክሳ፣ ግድግዳ ተደግፋ ስፖርቱ እስኪያልቅ ቆመች። እሱ ያወቀው ሰው ሁሉ ወጥቶ እሷ ብቻ ስትቀር ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ እያያት አላያትም። ባለቤቱን «ቁጥሩን እንቀንስ» ቢለው፣ «አንተ ደግሞ! ጂም ነው የከፈትኩት ወይስ የሕፃናት ማቆያ?» ብሎ ሳቀበት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አዳራሹን የሠራው ለአርባ ሰው ስለሆነ ነው።

ድገም እንግዲህ ስምንት ሰው ብቻ የሚይዝ ክፍል ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ያገኘው ከልብስ ስፌት ሱቅ በላይ ያለ፣ ቀድሞ የጽሕፈት መኪና ማስተማሪያ የነበረ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ክፍል ነው። አንዱን ግድግዳ መስታወት አለበሰው። ስምንት ምንጣፍ ዘረጋ፣ ከእያንዳንዱ ራስጌ ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር ቁጥር ጻፈ። ደረጃው የሚወጣው ከሕንፃው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ በኩል ስለሆነ ከዋናው ጎዳና የሚያልፍ ሰው አያየውም። ስለዚህ በልብስ ሰፊው መስኮት ላይ አንዲት ወረቀት ለጠፈ፦ «ስፖርት በፎቁ ላይ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። እዚህ ይጠይቁ።» የስልክ ቁጥሩን አልጻፈባትም። ሰው ቁጢጥ እያስባለ ስልክ የሚያነሳ አሠልጣኝ ሲያይ ደሙ ይፈላል።

«ጋሼ» አለው ልብስ ሰፊውን ያን ቀን፣ «ሰው ከጠየቀዎት ይላኩልኝ። ግን ከስምንት በላይ አልቀበልም። ከሞላ ሞልቷል ይበሉልኝ። ሰው መደራረብ ሰልችቶኝ ነው የወጣሁት።»

«እሺ፣ ከስምንት በላይ የለም» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። «እኔም ብሆን ሁለት ጃኬት ባንዴ አልቆርጥም።»

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። ድገም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በመስታወቱ ውስጥ ሲያይ ክፉኛ ደነገጠ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ በር በሩን እያየ የተቀመጠ ሰው ወህኒ ጠባቂ ይመስላል። «አሁን አንድ ሰው አርፍዶ ቢመጣ» ብሎ አሰበ፣ «እኔን እንዲህ ካየ ወደ ኋላ ነው የሚሮጠው። ሥራ ላይ ቢያገኘኝ ግን ገባ ይላል።» ተነሳ፣ ትንሿን ስፒከር ከፈተ፣ መቁጠር ጀመረ።

ሲቆጥር ድምፁ ከፍ ይላል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ማሠራትም አያውቅበትም፤ በየሰዉ አጠገብ እየሄደ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ምንጣፍ አጠገብ ዘለለ፣ ወደ አራት ቁጥር ሄዶ ዘለለ፣ ወደ ስምንት ተሻገረ። በሁለተኛው ሳምንት አፉ ሳያስበው «ሦስት ቁጥር፣ ተረከዝ!» አለ። ለራሱ ሳቀ። በማግስቱ ደገመው። በሦስተኛው ሳምንት ስምንቱም ምንጣፎች ጠባይ አወጡ። ሦስት ቁጥር ሁልጊዜ ተረከዟን ከመሬት የምታነሳ፣ ግን ተስፋ የማትቆርጥ ሴት ሆነች። አምስት ቁጥር ትንፋሹን የሚያፍን ለፍላፊ ሰውዬ ነበር። ሰባት ቁጥር ሰነፍ ነው፤ ድገም ዞር ሲል ያርፋል።

አላበደም። ማንም እንደሌለ ጥርት አድርጎ ያውቃል። መቁጠሩ ሲያበቃ፣ ስፒከሩ ሲዘጋ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ እንደሆነና ያቺ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የከበደች እንደሆነች ያውቃል። ስምንቱንም ምንጣፎች በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ላብ ያረፈበት አንዱም የለም፤ ቢሆንም ይወለውላቸዋል። ከዚያ መዝገቡን ከገመዱ አውርዶ የነገን ቀን ይጽፋል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊውን ጠይቆት ነበር። «ጋሼ፣ ጠያቂ አለ?» «ኧረ አታስብ» አለው ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ቀና ሳይል፣ «ለጠየቀ ሁሉ ያልከኝን እነግራለሁ።» ድገም ይህን የሰማው ሐዘንተኛን እንደሚያጽናኑበት ቃል አድርጎ ነው። ከዚያ ወዲህ አፈረ። በጀርባ ይገባል፣ በጀርባ ይወጣል።

እህቱ ከሌላ ከተማ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች።

«በላህ?» የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነው።

«በላሁ፣ እታለም።»

«ሰው መጣ?»

«እየመጣ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ እየመጣ ያለ ሰው! ምንድን ነው፣ በእንብርክኩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ስማኝ ወንድምዬ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም። በትልቁ ቤት ሳለህ ሌላው ቢቀር ሻይ አብሮህ የሚጠጣ ሰው ነበረህ። አሁን ከኔ ጋር ስታወራ ድምፅህ እንደ ገደል ማሚቶ ነው የሚመጣው። ክፍሉ ነው ወይስ አንተ ነህ እንዲህ ባዶ የሆንከው?»

«ክፍሉ ነው» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ጥያቄዋ አብሮት ዋለ።

አንድ ሰኞ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለችውን ሴት አቋቋም ሳያስበው መመርመር ጀመረ። ክብደቷን ሁሉ በግራ እግሯ ላይ ጥላለች፣ ቀኙ ዝም ብሎ ይከተላታል። ቀን ሙሉ የምትቆም ሰው ናት ብሎ ገመተ። ዞር ስትል የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ደንብ ልብስ ለብሳለች፤ እሷም ቱታውን ዐይታ ፊቷ በራ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የፎቁ ስፖርት አሠልጣኝ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አንተን ማግኘት እንዴት ከባድ ነው! ሦስት ጊዜ መጥቼ ተመለስኩ እኮ። ሞልቷል አሉኝ።»

«ማን?»

«ታች ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸዋ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰውየው ጠልተውኝ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን በጓሮ ዞሬ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ሰው ሲዘል! ‹ሦስት ቁጥር፣ ዛሬማ ኮራሁብሽ› ስትላት ሰማሁህ።» ዳቦዋን ተቀብላ በብብቷ ሥር ሸጎጠች። «መቼስ ታዝበኛለህ፣ ቀናሁባት። ምናለ ሦስት ቁጥርን በሆንኩ አልኩ።»

ድገም አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፦ ማንም የለም፣ ነገ ነይ፣ ሦስት ቁጥር አንቺው ነሽ። ነገር ግን ይህን ከማለቱ በፊት ሌላውን ማለት ነበረበት፦ የሰማሽው እኔን ብቻ ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ ከራሴ ጋር ነበርኩ። ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ከኋላው አሥር ሰው ቆሞ እየሰማ ይህን የሚናገር ሰው ማን ነው?

«ቦታ... ቦታ ሲገኝ» አለ።

«እሺ፣ አንድ ሰው ካቆመ አደራህን። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነኝ።» እያነከሰች ሄደች። ዳቦ ሻጩ ሁለት ጊዜ «ስንት ልስጥህ?» እስኪለው ድረስ ከኋላዋ ያያት ነበር።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። በማግስቱ የትልቁ ጂም ባለቤት ደወለ።

«ድገም! አንተ ሰው፣ ከተማውን ገለበጥካት አሉ!»

«እኔ?»

«ምን እኔ ትላለህ! ከኔ ደንበኞች ሦስቱ ወዳንተ ሊሸሹ ሄደው ቦታ የለም ተብለው ተመለሱ። አፍረው ነው የነገሩኝ። ሳቅኩ በለኛ፣ ግን በአንድ ዓይኔ ነው የሳቅኩት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «በል ስማ፣ በዚያች ቆጥ ላይ ምን ያደርግልሃል? ከነሰዎችህ ና። የጠዋቱ አዳራሽ ያንተ ነው፣ ስምህን በሩ ላይ እጽፋለሁ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እሺ ወይም እንቢ በለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ልቀጥር ነው።»

ድገም ሦስት ቀን አሰበ። ትልቁ ጂም ትዝ አለው፤ የልብስ መቀየሪያው ጫጫታ፣ የባልደረቦቹ ተረብ፣ ገና በር ላይ ሲታይ «መጣ ደግሞ ድገም፣ ዛሬ ማን ሊደግም ነው!» የሚሉት። ሰው ናፈቀው። ይህን ለራሱ ያመነው በዚያ ሳምንት ነው። ኋላ ረድፍ ላይ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ሴትም ትዝ አለችው። የመጨረሻው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብድ ነበር፤ ሰውየው የጠራው ከነሰዎቹ ነው፣ ሰዎች ግን የሉትም።

ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዱ ቆጠረ። ሰባት ላይ ሲደርስ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ድምፁ ቀጥ አለ። ከወለሉ ሥር የልብስ ስፌት ማሽኑ ሲሮጥ ቆይቶ እሱም ቀጥ አለ። ጠበቀ። ማሽኑም ጠበቀ። «ስምንት» አለ ቀስ ብሎ። ማሽኑ ተነሳ። ድገም በስምንቱ ምንጣፎች መካከል ቆሞ ቀረ። ለሁለት ወር ሰሚ ነበረው ማለት ነው፤ የሰማው ግን የሌለ ነገር ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ስልኩን ይዞ በፊት ለፊት በር ወደ ሱቁ ገባ። ልብስ ሰፊው የሱሪ እግር እየተኮሰ ነበር።

«ኧረ! ከሰማይ ቤት ወረድክ?» አለው። «እኔማ ሰው ሲበዛልህ የታችኛውን ረስተኸኝ ነው ብዬ ተቀይሜህ ነበር። ደግሞ ከስምንት በላይ የለም ብለኸኝ አሥራ አምስት ስታጭቅ! እኔ ምን አገባኝ፣ ቃልህን ያፈረስከው አንተ ነህ። ቢሆንም ያልከኝን አላጓደልኩም፤ የመጣውን ሁሉ ሞልቷል ብዬ መልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ ፎቁ ላይ ማንም የለም።»

«አዎ፣ አሁን ወጥተዋል።»

«አሁንም የለም፣ ጠዋትም አልነበረም። አንድም ቀን ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው ካውያውን አቆመ። «ያ ሁሉ እግርስ?»

«የኔ ነው። በየምንጣፉ እየሄድኩ የምዘለው እኔ ነኝ።»

«ሦስት ቁጥርስ?»

«ሦስት ቁጥር የምትባል ሰው የለችም።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እስኪያነባ። «ጉድ በል! ሚስቴ እኮ ማታ ማታ ‹ሦስት ቁጥር ዛሬስ ተረከዟን አሳረፈች?› እያለች ትጠይቀኛለች! ባለፈው ጎበዝ ስትላት ደስ ብሏት አደረች!» ከዚያ የድገምን ፊት አየና ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ወንበር ሳበለት።

«ምነው ልጄ አንድ ቀን ብትነግረኝ?»

«አፈርኩ።»

«እኔም ወጥቼ ባይ ምን ነበረበት። ጉልበቴን አመካኝቼ አንድ ፎቅ መውጣት አቃተኝ።»

«ስንት ሰው መለሱ፣ ጋሼ?»

«አሥራ አራት።» ልብስ ሰፊው ሳያመነታ ነው የመለሰው። «ስማቸውን አልጠየቅኩም። ሰው ስሙን ቢደብቅ ትከሻውን ግን አይደብቀኝም። አንዷ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነው፤ ከባድ ቦርሳ በአንድ ጎን ነው የምትይዘው። አንድ ሰውዬ ወገቡ ከደረቱ አሥር ሳንቲም ይበልጣል፣ ቀበቶውን ከሆዱ በታች ነው የሚያስረው። አንዲት ልጅ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ገና ሃያ ዓመት አይሞላትም፣ ኮት ብሰፋላት ከኋላ ይሳባል። ሁለት ጡረተኞች አብረው መጡ፤ አንደኛው ምንም አልሆነም፣ ጓደኛው ብቻውን እንዳያፍር ነው የመጣው። ትኬት ቆራጯ ሦስት ጊዜ መጣች፣ ቀኝ ዳሌዋ...»

ድገም ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሰውየው እያንዳንዱን ሲጠራ እሱ በሐሳቡ መልስ ይሰጣል፤ ለትከሻዋ ይህን፣ ለሆዱ ቀስ ብሎ ያን፣ ለልጅቷ ጀርባ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋ መቆም። ስምንት ምንጣፍ አይበቃቸውም ነበር፤ በሁለት ፈረቃ መክፈል ነበረበት። ሁሉም በዚህ በር መጥተው በዚህ በር ተመልሰዋል። አሁን የት እንዳሉ፣ ከትኬት ቆራጯ በቀር፣ ልብስ ሰፊውም አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ልብስ ሰፊው እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ እሱ የተጠራ ይመስል።

«እህስ ድገም!» የጂሙ ባለቤት ድምፅ ሱቁን ሞላው። «ስንት ሰው ይዘህ ትመጣለህ?»

«ማንም የለኝም።»

«እንዴት? ጥለውህ ሄዱ?»

«ከመጀመሪያውም አልነበሩም። ሞልቷል የተባለው በስህተት ነው፤ ስህተቱም የኔ ነው። ለባዶ ክፍል እጮህ ነበር።»

ከዚያ ሰውየው ተነፈሰ፤ ሲናገር ድምፁ ከቅድሙ ዝግ ብሎ ነበር። «እንግዲያው... ብቻህንም ቢሆን ና። በሩ ላይ ስም አልጽፍልህም፣ ግን የከሰዓቱ ፈረቃ አለ። አርባ ሰው ነው። ሰው መሀል ትሆናለህ አይደል እንዴ? ለብቻህ እንዲህ ከምትሆን።»

የመጨረሻዋ ቃል እውነት ስለሆነች አመመችው። ድገም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከጣውላዎቹ መካከል፣ በሁለት ወር ዝላይ የረገፈው አቧራ የተወውን ቀጭን መስመር አየ። ነገ ጠዋት ከዚያ በላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ስምንት ምንጣፍ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ሰው። ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ይዞ ያየዋል።

«አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም» አለ፣ ለስልኩም ለሽማግሌውም እኩል በሚሰማ ድምፅ። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን እከፍታለሁ። ሰው ከመጣ አሠራዋለሁ፣ ካልመጣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ለባዶ ምንጣፍ ግን ከእንግዲህ አልቆጥርም።»